የከንቲባው እንቅልፍ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1666፣ እሑድ ገና ሳይነጋ፣ የለንደን ከንቲባ ሰር ቶማስ ብለድወርዝ ከሞቀ አልጋቸው ተቀስቅሰው ፑዲንግ ሌን ወደምትባል ጠባብ መንገድ መጡ። የቶማስ ፋሪነር ዳቦ ቤት ተያይዟል። ከንቲባው እሳቱን አዩት፤ ናቁት። አንዲት ሴት ውሃ ሽንቷን ብትለቅበት የሚጠፋ ነው ብለው ወደ አልጋቸው ተመለሱ ይባላል። እሳቱ አራት ቀን ነድዶ ከ13,000 በላይ ቤቶችንና 87 አብያተ ክርስቲያናትን በላ፤ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም አልቀረለትም።

ዓለም ስቆባቸዋል። እኔ ግን ትንሽ አዝንላቸዋለሁ። በዚያ ዘመን እሳት የሚገታው ከፊቱ ያለውን ቤት ቀድሞ በማፍረስ ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ያፈረሰ ደግሞ የማሠሪያው ዕዳ በራሱ ላይ ይመጣል። ቤቶቹ የኪራይ ናቸው፤ አከራዮቹ የት እንዳሉ ማን ያውቃል? ከንቲባነቱም የአንድ ዓመት ሹመት ነው። በ1665 መገባደጃ፣ ከተማዋ በወረርሽኝ ስታልቅ ተረከቡት፤ ለማስረከብ የቀራቸው ሁለት ወር ገደማ ነው። ሁለት ወር የቀረው ሹም የሰው ጣሪያ ነክቶ ዕዳ ይዞ ይውጣ?

ዋናው ከሳሻቸው የባሕር ኃይል ጽሕፈት ቤቱ ሹም ሳሙኤል ፔፕስ ነው። ያን ሌሊት እሱንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የቤት ሠራተኛው ቀስቅሳዋለች። በመስኮት አየና ሩቅ ነው ብሎ ተኛ! ወሬው እውነት ከሆነ ሁለቱም ተኝተዋል፤ የዕለት ማስታወሻ የሚጽፈው ግን አንዱ ብቻ ነበር።

ፔፕስ ሲነቃ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ዘንድ ገስግሶ ከእሳቱ ፊት ያለ ቤት ሁሉ ይፍረስ የሚል ትእዛዝ ይዞ መጣ። ከንቲባውን ያገኛቸው ካነን ስትሪት ላይ ነው፤ አንገታቸው ላይ መሐረብ ጣል አድርገው፣ ዝለው። ሕዝቡ አልታዘዝ አለኝ አሉ፤ ብናፈርስም እሳቱ ይቀድመናል አሉ፤ ተጨማሪ ወታደር አያስፈልገኝም አሉ። ሌሊቱን ሁሉ ሳልተኛ ስላደርኩ ሄጄ ልረፍ ብለውም ሄዱ። አልተኛሁም ማለታቸውን ልብ ይሏል። ታታሪው ፔፕስም በሦስተኛው ቀን የወይን ጠጁንና የፓርሜዛን አይቡን ጓሮ ቆፍሮ ቀበረ።

በከንቲባ መፍረድ ካልቀረ፣ ሃይ ዊኮም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከንቲባን በየዓመቱ አደባባይ ላይ የመመዘን ልማድ አለ፤ በ1678 እንደተጀመረ ይነገራል። ከአምናው ከወፈረ በግብራችን ነው የሰባው ተብሎ ይጮኽበታል፤ ካልጨመረ ይጨበጨብለታል። ብለድወርዝ ከዚያ ሳምንት በኋላ ሚዛን ላይ ቢወጡ ኖሮ፣ በዚያ ሁሉ ላብና ድካም መክሳታቸው አይቀርምና፣ ጭብጨባው ሞቅ ያለ ይሆን ነበር።