የሰው ስለት ይዞ

ወር በገባ በ5 ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ አቦ የሚሄደው ታክሲ በነጠላ ይሞላል። ያን ቀን አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጉልበታቸውን እያሻሹ ቆዩና፣ «ልጄ፣ አቦን ልትሳለም ነው?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ዘርፉ የሚያብረቀርቅ ወይን ጠጅ ጃንጥላና አንድ የታሸገ ፖስታ ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። «ስለቴ ነው። እኔ ልጄ ቤት እወርዳለሁ፤ ከአስፋልቱ እስከ ቅጥሩ የሚያደርሰኝ ጉልበት የለኝም። የክርስትና ስሜ ፖስታው ላይ አለ፣ 1000 ብር ነው። አደራ!» ወዲያው «ወራጅ አለ» ብለው ወረዱ። ስልክ ለመለዋወጥ እንኳ ጊዜ አልነበረም።

ቅጥሩ ጋ ስደርስ አንድ ወጣት አባት ልጁን አዝሎ የሐኪም ማዘዣ ዘረጋልኝ። ይህን ዓይነት ወረቀት ይዞ የሚያታልልም አለ፤ የዚህ ግን ቀኑ የዚያኑ ዕለት ነበር፤ የልጁም ትንፋሽ ሲያፏጭ ከሩቅ ይሰማል። አብሬው ፋርማሲ ሄድኩ። 640 ብር ተባልን። ኪሴ ውስጥ 120 ብር ነበረኝ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ፖስታው ግን ብብቴ ስር ነው።

እዚያ ቆሜ ትዝ ያለኝ ፒተር ሲንገር ነበር። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፉ፣ ኩሬ ውስጥ የሚሰምጥ ሕፃን ያየ ሰው ልብሱ ይበላሻል ብሎ እንደማይተወው ሁሉ፣ በሩቅ አገር የሚራብንም ሰው መተው አይገባም ይላል። በዚያን ጊዜ ያስጨነቀው የቤንጋል ረሀብና ስደት ነበር። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ የረሀብን ነገር የምናውቅ እኛማ ልናቃልለው አይገባም። ነገር ግን ሲንገር እንዲበላሽ የሚፈቅደው የራሱን ልብስ ነው። እኔ የያዝኩት የሌላ ሰው ስለት ነው።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ደብሊው ዲ ሮስ በ1930 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ ለዚህ የሚቀርብ ነገር አለው። ቃል ኪዳን ግዴታ ነው፣ የተጎዳን መርዳትም ግዴታ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ የከበደው ያሸንፋል። የተሸነፈው ግን አይሰረዝም፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው የሚክሰው ነገር ይኖርበታል። ብዙ ጥቅም ያመጣው ሥራ ትክክል ነው ብሎ ሒሳቡን የሚዘጋ ሰው ይህን አያይም። ልጁ ከዳነ ጃንጥላ ያቀበሉኝ እናት ከሒሳቡ ወጥተው ይቀራሉ።

ስለዚህ ወደ ቅጥሩ ተመልሼ በሩ ላይ ነጠላዬን ዘረጋሁና ማዘዣውን ከፍ አድርጌ መለመን ጀመርኩ። «ዛሬ ደግሞ በጃንጥላ መጡ!» አለ አንድ ጎረምሳ። አንዲት ሴት ማዘዣውን ተቀብላ ዳር እስከ ዳር አነበበችና የልጁን ግንባር ዳሰሰች፤ ከዚያ ከመቀነቷ ፈትታ 200 ብር ሰጠች። እሷን አይተው ሌሎቹ እጃቸውን ፈቱ። መድኃኒቱ ተገዛ። እኔም ቅዳሴው ካበቃ በኋላ የእናቲቱን ስለት በስማቸው አስገባሁ።

ይህን የፍልስፍና ወዳጅ ለሆነ ጓደኛዬ ስነግረው ተቆጣ። «ልጅ እየታመመ ፖስታ ስትጠብቅ? ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ቢያይህ ምን ይልሃል?» አለኝ። ዘርዓ ያዕቆብ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። በስሙ የሚታወቀው የፍልስፍና ድርሰት፣ ሐተታው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኛው ሰው ተጽፏል የሚሉ አሉ፤ ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ዕድሜያቸውን ሰጥተውለታል። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። የጻፈው ማንም ይሁን፣ እኔን የሚይዘኝ ሒሩትን ያገባበት ቦታ ነው። የጌታው የሀብቱ አገልጋይ ነበረች፤ እሱ ግን ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና አገልጋይ ሳትሆን ሚስት ትሁነኝ አለ። ስለ ፍጥረት ሁሉ የመረመረው ልቡና፣ በመጨረሻ እዚያው ቤት ውስጥ ያለችውን አንዲት ሴት ማየት ችሏል።

ጓደኛዬ ግን አልለቀቀኝም። «ልመናው ባይሳካስ?»

እከፍተው ነበር። ይህን ሳላመነታ ነው የምናገረው። ልጅ ትንፋሽ እያጠረው ፖስታ አይጠበቅም።

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን አጣላን? 1000 ብሩን ኋላ ትተካለህ፣ አለቀ።»

አላለቀም። ብሩን መተካትማ ቀላሉ ነው። በሚቀጥለው ወር በ5 እዚያው ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ የወረዱበት ሰፈር ወርጄ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወዴት ናቸው እያልኩ በየበሩ መጠየቅ ይኖርብኝ ነበር። ሳላስፈቅድዎ ስለትዎን አውጥቼዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት።

«ይቅር ባይሉህስ?» አለ።

መብታቸው ነው አልኩት።