ኧረ የሥዕል ያለህ!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲሉ ልጅ ሆኜ ትርጉሙ አይገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ። ዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ዕለት ገና ጠላዬን ሳልቀምስ በሬ ተንኳኳና አንድ የሰፈር ልጅ ሥዕል ይዞልኝ መጣ፤ አበባ የያዘ መልአክ። ተመረቅ ብዬ ሰጠሁት። ሌላው መጣ፤ ያው መልአክ! ሦስተኛው መጣ፤ አሁንም ያው፣ የግራ እጁ ጣት ስድስት መሆኑ እንኳ አልተለወጠም። ለካ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝተው ነው የሚዞሩት። ወገኖቼ፣ መልአክ በፎቶ ኮፒ! ይባስ ብሎ አንዱ፣ ኪሴን ስደባብስ ቆሞ አየኝና «ዝርዝር ከሌለዎት በስልክ ያስገቡልኝ» አለኝ።

በእኛ ጊዜ ሥዕል ሥዕል ነበር። ጳጉሜን ከገባች እንቅልፍ የለም። ጥቁሩን ከምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቀን፣ አረንጓዴውን ቅጠል ጨምቀን፣ ቢጫውን ከእናታችን እርድ ቆንጥረን ነው። እርዱ ሲጎድል እናቴ በልምጭ ትሸነቁጠኝ ነበር፤ እንዴት ያለ ደግ ዘመን መሰላችሁ! ፎቶ ኮፒ ብሎ ነገር አናውቅም። ታላቅ ወንድሜ የሣላትን መልአክ የመስኮት መስታወት ላይ አስደግፈን፣ ወረቀት ደርበን፣ ሁላችንም በገዛ እጃችን እንገለብጣት ነበር እንጂ። ለዚያ ሁሉ ልፋት ስሙኒ ከተሰጠን ጉልበት ስመን እንወጣለን። ሽልንግ የሚሰጥ ቤት ሁለቴ እንሄድ ነበር፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ደግሞ የትምህርት ቤቱን ስሙልኝ። የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሚስ «ከሚጣሉ ነገሮች ባህላዊ ቤት ሠርታችሁ አምጡ» አለቻቸው። መልካም። አባቱ ታዲያ የሚጣል ነገር ፍለጋ መርካቶ ወረደላችሁ! አዲስ ካርቶን፣ ባለ ቀለም ወረቀት፣ ኮላ፣ እዚያ ላይ ብልጭልጭ ዱቄት ተሸክሞ መጣ። በዋጋው የሳምንት አስቤዛ ይሸመትበታል። የሚጣል ነገርማ እኔ አልጋ ሥር ሞልቷል፤ የሳርዲን ቆርቆሮ፣ ቆርኪ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ አንድም ቀን ጥዬ አላውቅም። ደግሞስ ብልጭልጩ ምን ይሁን ብሎ ነው? ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ሲሠሩ ብልጭልጭ ነሰነሱበት?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሥራውን ወላጅ መሥራቱ ነው። ያለፈው ዓመት ኤግዚቢሽን ላይ የአንዱ ሕፃን ቤተ ጊዮርጊስ ቀርቦ አየሁ፤ የጣሪያው መስቀል በመስቀል ውስጥ ሦስት ድርብ ሆኖ፣ መስኮቶቹ ተለክተው። አባትየው መሐንዲስ ናቸው አሉ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ አፍንጫውን ይጎረጉራል። ኧረ እባካችሁ! ልጅ የሠራው ልጅ የሠራው ይምሰል! ጠማማ ይሁን፣ ይውደቅ፣ የራሱ ይሁን!

የእኛው ልጅ በራሱ እጅ የሣለውንም አልደብቃችሁም። «ቤተሰቤ» ይላል። እናቱን ፊት ለፊት፣ አባቱን ፊት ለፊት፣ ድመቷን ሳይቀር ፊት ለፊት ስሎ፣ እኔን በጎን በአንድ ዓይን! በአባቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ፈጦ ፊት ለፊት ነው የሚታየው፤ በጎን በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ምን በደልኩህ ብለው፣ «አባባ፣ አንተ ሁልጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ ስለምታይ ነው» አይለኝም? ሚስም «ጥሩ ተመልክተሃል» ብላ ኮከብ ለጥፋለታለች። ሁለተኛውን ዓይን በእስክሪብቶ አስገባሁበት። ልጁ አለቀሰ፤ ዛሬ ልጅ እርማት አይወድም።

ወደ ጎጆው ልመለስ። ለልጁ መተው አይቻልም ነበር፤ ምሰሶ የሌለው ጎጆ ሊሠራ ነው እኮ! በል ተኛ አልኩት፤ ሕፃን ነው፣ ማምሸት የለበትም። ምሰሶውን አቆምኩ፣ ማገሩን በስንደዶ አሰርኩ፣ ሳሩን ከታች ወደ ላይ እየደረብኩ ከደንኩ፣ ጉልላቱ ላይ የጠርሙስ ክዳን ደፋሁበት። ዶሮ ሲጮህ አለቀ። በሩ ላይ የልጁን ስም ጻፍኩ፣ አማረልኝ።

ታዲያ ስንት ብትሰጠኝ ጥሩ ነው? ከ10 ዘጠኝ! «ጥሩ ነው፣ ቀለም ያንሰዋል» ብላ። ሳር ምን ዓይነት ቀለም እንዲኖረው ፈልጋ ነው? የመሐንዲሱ ቤት ደግሞ አሥር አግኝቷል አሉ። ሰኞ ጠዋት ከዘራዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ያቺ አንድ ነጥብ በምን እንደተቀነሰችብኝ ሳትነግረኝ ከቢሮ አልወጣም።