ዕዳው ገብስ ነው

ወጪ መጋራት፣ በግቢ ቋንቋ ኮስት ሼሪንግ፣ ተረጂው መልሶ የሚከፍለው የመንግሥት እርዳታ ነው። በ1996 የትምህርት ዘመን ሲጀመር የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገና ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። የግቢው ስም ተቀየረ እንጂ ቀመሩ አልተነካም፦ ምግብና መኝታ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርት ወጪው ቢያንስ 15 በመቶ በተማሪው ስም ይጻፋል።

የውሉ ቅጽ ጠያቂ ነው። ፎቶ ይለጠፍበታል፤ የእናት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የመሰናዶ ትምህርት ቤቱ ስም ይሞላበታል። ቤተሰቡ ምን ገቢ እንዳለው ግን አይጠይቅም፤ በሰው ጓዳ መግባት ነውር ነውና። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ሪዞርት ባለቤት ልጅና የእንሰት ገበሬ ልጅ ፍጹም በሆነ እኩልነት አንድ ዓይነት ዕዳ ይፈርማሉ። አዲስ ገቢ ተማሪውም «ዕዳው ገብስ ነው» ብሎ ሳያነብ ይፈርማል።

የቤተሰብ አቅም የሚነሣው ለሳሙናና ለደብተር የምትሆን ድጎማ ሲለመን ነው። ያን ጊዜ ድህነት ማኅተም ያስፈልገዋል። ሁለቴ የተሰፋ ጫማ ማስረጃ አይሆንም፤ ከትውልድ ቀበሌ ደብዳቤ መምጣት አለበት። የመሳፈሪያ ያገኘ ድሃ መሆኑን ያስመሰክራል፤ ያጣ ግን ድሃ ለመባል አቅሙ አልፈቀደለትም።

ነን ካፌው፣ ማለትም ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይቶ ግቢ የማይበላው ተማሪ፣ የምግቡን በጥሬ ብር ይወስዳል። የቀን በጀቱ 22 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ በወር 660 ብር ይመጣ ነበር፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት ተስማምተው እንዲካፈሉት። በ2017 በጀቱ ወደ 100 ብር ሲያድግ የመንግሥት ቸርነት ተወራ። በቀመሩ መሠረት ምግብ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ዕዳ ስለሆነ፣ ቸርነቱም የሚመዘገበው በተማሪው ላይ ነው።

ከሁሉም የረቀቀው አከፋፈሉ ነው። መምህር የሚሆነው በአገልግሎት ያወራርዳል፤ ከሌላው ደመወዝ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። ዕዳው እስኪያልቅ ኦሪጅናል ዲግሪውና ትራንስክሪፕቱ ሪጅስትራር ዘንድ በክብር ይቀመጣሉ፤ ተመራቂው ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ይዞ ይወጣል። ቀጣሪው ኦሪጅናል አምጣ ይላል፤ ሪጅስትራሩ ክሊራንስ፤ ገቢዎች ክፍያ፤ ለክፍያው ደመወዝ ያስፈልጋል፤ ደመወዙ ያለው ደግሞ ኦሪጅናል አምጣ ካለው ቀጣሪ ዘንድ ነው። መጠበቅ ለማይችል ግን በሩ ክፍት ነው፤ ሙሉውን በአንዴ መክፈል ይቻላል። ሥራ ፈላጊው አገር ቤት ይደውላል፤ አባት በሬውን ይሸጣል፤ ደረሰኙ በልጁ ስም ይቆረጣል።