ክር የሌለው ክርክር

«ጫማ ጫማ ነው፤ ርካሹን ገዝቶ መገላገል!» አልክ አሉ፣ ቡሌ ገበያ መሃል ቆመህ። ተገላገልክ እንዴ? ጫማው ነው እንጂ ከአንተ የተገላገለው!

እናንት ገበያተኞች፣ እስቲ እግሩን እዩልኝ። ተረከዙን ጭቃ ተረክቦታል። አውራ ጣቱ በቀዳዳው ብቅ ብሎ ለመንገደኛው ሰላምታ ያቀርባል። ሶሉና ላይኛው ተጣልተው በየፊናቸው ሄደዋል። አስታራቂያቸው ማስቲሽ ነበር፤ እሱም ዝናብ ሲያይ ሽምግልናውን ትቶ ሸሸ።

ለመሆኑ የቆምክበትን አገር ታውቀዋለህ? ቡሌ እኮ ነው፣ የጌዴኦ ደጋ! ሁሌ ጭጋግ፣ ሁሌ ጭቃ፣ ሁሌ ዳገት። ከእንሰቱ ሥር መሬቱ በእጅ ይቆፈራል፣ ገብሱ በጀርባ ይወርዳል። ዳጡ ስንቱን ጎበዝ ዳጠ፣ አንተ በሠርግ ጫማ ልትቆፍር መጣህ! ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጫማህን ዘሎታል። አትቀየም፤ ያረጀ ሁሉ ቅርስ አይሆንም።

«በ600 ብር ነው የገዛሁት» ትላለህ ደረትህን ነፍተህ። ደግ፣ እንቁጠረው። በየሁለት ወሩ ትቀይራለህ እንበል፤ በዓመት ስድስት ጫማ፣ 3,600 ብር። ጎረቤትህ 2,000 ብር ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጫማ ቆፈረ እንበል። 1,600 ብር በለጠህ፣ እግሩም ደረቅ ነው። ቅናሽ ያልከው ኪስህን ቀናሽ ሆነ። በዚያ ላይ «ወደፊት ይበቃኛል» ብለህ ሰፊ ጫማ ትገዛለህ። ዕድሜህ አርባ፣ የት ድረስ ልታድግ ነው? ሰፊ ጫማ ይዞህ የሚሄደው ወደ ጫማ ሰፊ ነው!

አሁን ጆሮህን አምጣ። የሥራ ጫማ ስትገዛ ከቀለሙ በፊት ሶሉን ገልብጥ። ጥርሱ ጥልቅ ነው? ጭቃ ይነክሳል። ለስላሳ ነው? ጭቃው ይነክስሃል። ዳሩን በጥፍርህ ፈልቅቅ፤ ክሩ ሶሉንና ቆዳውን ዙሪያውን ሰፍቶ ይዟል ወይ? ላስቲኩ ላይ የታተመ የስፌት ምልክት አያታልልህ፤ እሱ ሥዕል ነው፣ ሥዕል ደግሞ ግድግዳ ላይ ነው የሚያምር። ከዚያ ጫማውን እጠፈው። ጣቶችህ በሚታጠፉበት በኩል ከታጠፈ ሰው አውቆ የሠራው ነው። ወገቡ ላይ እጥፍ ካለ ጭነት አይችልም፣ መልሰህ ስጠው። ስትለካ ከሰዓት በኋላ ለካ፤ የዋለ እግር ያብጣል። ከወፍራም ካልሲ ጋር ይሁን። ከጣትህ ፊት ትንሽ ክፍተት ተው፤ አለበለዚያ ቁልቁለት ስትወርድ ጥፍርህ ይጠቁራል። ይህን ሁሉ ስነግርህ «ማስቲሹ የውጭ ነው» ብለህ ትከራከረኛለህ። ጫማህ ክር የለው፣ አንተ ግን ክርክር አለህ!

«ቦቲ ይሸታል» ደግሞ ማለት ጀመርክ። ቦቲ ምን በወጣው? የሚሸተው ካልሲህ ነው! ቦቲ ውኃ አያስገባም፣ ላብም አያስወጣም፤ ይህ ጠባዩ ነው። ካልሲ ቀይርለት፣ ማታ ገልብጠህ አድርቀው፣ ከምድጃ ግን አርቀው፣ ጎማው ይሰነጠቃል። ለጭቃ ቁፋሮ ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ዲላ ወርደህ የቡና ኬሻ የምትጭን ከሆነ ደግሞ ቦቲውን ተውና አፉ ብረት ያለውን ሴፍቲ ጫማ ፈልግ፤ ኬሻ ሲወድቅ ይቅርታ አይጠይቅም።

በረባሶንስ? በረባሶን አላማውም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ ይወጣል፤ መኪናውን አድክሞ ነው ወደ እግር የመጣ! በዋጋም በዕድሜም የሚረታው የለም። ግን ክፍት ነው። እሾህ ሳያንኳኳ ይገባል፣ አፈርም እንደዚያው።

አፈር ሲገባ ምን አለበት አልክ? «አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ኖረዋል» አልክ? አባቶችህ ጫማ አጥተው እንጂ ጠልተው አልነበረም! ከእሳተ ገሞራ የተገኘው የደጋ ቀይ አፈር ደቃቁ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ እየዘለቀ፣ ከዓመታት በኋላ እግርን ያሳብጣል። እኛ ዝሆኔ እንለዋለን፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደያዘ ይገመታል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚከላከለው ከልጅነት ጀምሮ እግርን የሚሸፍን ጫማና በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። አንተ ልጅህን በባዶ እግሩ ማሳ ልከህ «ይጠንክር» ትላለህ። አፈሩ ነው የሚጠነክርበት! ለራስህ ከምትገዛቸው ስድስት ጫማዎች አምስቱን ተውና መጀመሪያ ልጁን አጫማው።

የመጨረሻ ጥይትህንም አውቃታለሁ፦ «አበበ ቢቂላስ?» ተኩሳት! እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ የኦሎምፒክ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 ገባ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አደረገና በ2:12:11 ገባ። ሦስት ደቂቃ ቀነሰ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ከሳምንታት በኋላ! በባዶ እግሩ ዓለምን ያስደነቀው ሰው እንኳ ተጫምቶ ራሱን በለጠ። ደግሞ ሮም ላይ ኩንታል ገብስ ያሸከመው አልነበረም።