ንጉሥ ብሉቱዝ ዘንድ

ዬሊንግ የገባን ቀን መንገድ ላይ ያገኘናቸው አንድ ውሻና ውሻው የሚጎትታቸው አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። ዴንማርክ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ «ጋሼ፣ የዚህ አገር የክርስትና ወረቀት ያለው እዚህች መንደር ነው» አለኝ።

ወረቀቱ ድንጋይ ነው። በነጩ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሁለት ድንጋዮች መስታወት ለብሰው ቆመዋል። ትንሹን ንጉሥ ጎርም ለሚስቱ ለቲራ መታሰቢያ አቆመው። ትልቁን፣ 10 ቶን ያህል የሚመዝነውን፣ ልጃቸው ሃራልድ በ965 ገደማ አስቀረጸው (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው)። ጽሑፉ «ለአባቴና ለእናቴ» ዓይነት ጨዋ አጀማመር አለው። ወዲያው ግን ዴንማርክን በሙሉ የያዘ፣ ኖርዌይንም የጨመረ፣ ዴኖችን ክርስቲያን ያደረገ ሃራልድ መሆኑን መዘርዘር ይጀምራል። የአባቱን ተዝካር ደግሶ፣ ማይክ ሲሰጡት ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው አልገጠማችሁም? ቁርጥ እሱን! በሌላው ገጽ ክርስቶስ እጆቹን ዘርግቶ ተቀርጿል። መስቀል የለም፤ ወገቡና ክንዱ ላይ የተጠማዘዘ ሐረግ ነው ያለው።

«የኛ ኢዛና ይህን ሁሉ በ4ኛው መቶ ዘመን ድንጋይ ላይ አስጽፎ ጨርሷል» አልኩት።

«ጋሼ፣ ውድድር እኮ አይደለም።»

ነው እንጂ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሰሜንና ደቡብ ሁለት ትልልቅ የአፈር ጉብታዎች አሉ። በ1820 የመንደሩ ገበሬዎች ውሃ ፍለጋ የሰሜኑን አናት ሲቆፍሩ ከእንጨት የተሠራ የመቃብር ክፍል ላይ ወደቁ። ከ4 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ የብር ጽዋና ጥቂት ዕቃ አገኙ፤ ሬሳ የለም። ቁፋሮ ነፍሱ የሆነው ንጉሥ ፍሬድሪክ 7ኛ በ1861 የደቡቡን አስቆፈረ። አፈር ብቻ። በ1941 ደግሞ ተቆፈረ፤ አሁንም መቃብር የለም። ውሃ የፈለገው መቃብር አገኘ፣ መቃብር የፈለገው ንጉሥ አፈር አገኘ።

በ1970ዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር የአንድ ወንድ አፅም ተገኘ። ጎርም ነው፣ ልጁ ክርስቲያን ሲሆን ከአረማዊው ጉብታ አውጥቶ አዛውሮት ነው የሚሉ አሉ። በ2000 አፅሙ ንጉሣውያን ቤተሰቦች ባሉበት እንደገና ተቀበረ። እውነት ጎርም ከሆነ፣ ሞቶ እንኳ ከልጁ አላረፈም ማለት ነው።

አንዱ ጉብታ ላይ ወጥተን የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የብሉቱዝን ምልክት አሳየኝ። የሃራልድ ቅጽል ስም «ሰማያዊ ጥርስ» ነበር፤ ምልክቱም የስሙና የቅጽሉ የመጀመሪያ ፊደላት በጥንቱ የሩን ጽሕፈት ተጣምረው ነው። አገር ያገናኘ ንጉሥ ነው ብለው መሐንዲሶች ስሙን ወሰዱት።

«መጨረሻው እንዴት ሆነ?»

«ልጁ ስቬን አመፀበት። ሸሽቶ ሄዶ ሞተ ይባላል።»

«ይህን ሁሉ አገናኝቶ?»

«አዎ ጋሼ፤ ከስቬን ጋር ብቻ ኮኔክት ማድረግ አቃተው።»