ፀሐይ በየትኛው ጸ?

ጎሮ፣ አይሲቲ ፓርኩ አካባቢ ካፌ ብትቀመጡ የምትሰሙት እሮሮ አንድ ነው፦ «ሰርቨሩ ደካማ ነው»። ሰርቨሩ ካልተወቀሰ ኔትወርኩ፣ ኔትወርኩ ካልሆነ መብራቱ ይወቀሳል። ኮዱ ሲወቀስ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሰሞኑን አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ በጃንጎ የሠራው የባለጉዳይ መመዝገቢያ፣ ስም ሲፈለግበት ማኪያቶ ያቀዘቅዛል። መድኃኒቱን አላጣውም፤ ኢንዴክስ! ለስሙም፣ ለስልኩም፣ ለጾታው ሳይቀር አደለ። በጾታ ቢፈልጉ ግማሹ ሠንጠረዥ ነው የሚመጣው፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስም ኢንዴክሱን ትቶ ከላይ እስከ ታች ቢያነብ ይሻለዋል። በዚያ ላይ አንድ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ኢንዴክሱ ሁሉ መታደስ አለበት። ፍለጋው እንዳዘገመ ቀረ፤ ምዝገባውም ተከተለው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ ስሙን ከመሐል ነበር የሚያስቆፍረው፣ ከፊትም ከኋላም ፐርሰንት ባለው ላይክ። የተለመደው ኢንዴክስ፣ ቢ-ትሪ፣ ደግሞ በፊደል ተራ የተደረደረ ነው፤ የስሙን መጀመሪያ ካልነገሩት አይሰማም። (ባየርና ማክራይት ቢ-ትሪን ያሰቡት ቦይንግ ውስጥ ሲሠሩ ነው፤ በየቀኑ በራሳችን ላይ ቦሌ የሚያርፈው ቦይንግ።) ከኤስኪውኤሉ ፊት «ኤክስፕሌይን» ብሎ ቢጽፍ ፖስትግሬስ ራሱ ይናዘዝለት ነበር።

ይህንኑ ብነግረው «ጋሼ፣ ጃንጎ እኮ ኤስኪውኤል እንዳንነካ ነው የተሠራው» አለኝ። ጃንጎ ራሱ ግን በማይግሬሽኑ ውስጥ «ረንኤስኪውኤል» የሚባል በር ትቶለታል።

ፍለጋው ከስሙ መጀመሪያ እንዲነሳ አደረገና «ፀሐይ» ብሎ ጻፈ። መልሱ በቅጽበት መጣ፦ የለችም። ለካ በጸሎቱ ጸ ተመዝግባለች። ሁለቱን ጸ በስድስቱ ሀ፣ ማለትም በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀና ኃ ብታባዙት ይህች ሴት በ12 ዓይነት ትጻፋለች። ለእኛ አንዲት ፀሐይ፣ ለፖስትግሬስ 12 ሴቶች። የድሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ በአንዱ ጸ ስታጣት ዝም ብላ ሌላውን መሳቢያ ትስባለች።

እንደምንም ያንን የረንኤስኪውኤል በር ከፈተ። በ«ትራንስሌት» ፀን ወደ ጸ፣ ሐመሩን ሐ ወደ ሃሌታው ሀ የሚቀይር ኤስኪውኤል ጽፎ በዚያው ላይ ኢንዴክስ ሠራ፤ ፍለጋውም በዚያው ቃል እንዲጠይቅ አደረገ፤ ካልሆነ ኢንዴክሱ ዞር ብሎም አያየው። ገና ሁለተኛ ማኪያቶ ከማዘዙ ስልኩ ጮኸ። የአንዲት እናት ድምፅ ነው፣ ከቢሮው፦

«ልጄ፣ ባለጉዳይዋ ፊቴ ቆማለች፤ የለችም ይለኛል። በብዙኃኑ ኀ ልሞክርልህ?»