የባይኖኩላር ቤትና የቋንጣ ቤት፦ በጉለሌ የወፍ ምልከታ ላይ የተደረገ ጥናት

ቅኔ የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ ቤት እንዳለው ሁሉ፣ በጉለሌ ወፍ ማየትም ሁለት ቤት አለው፤ የባይኖኩላር ቤትና የቋንጣ ቤት። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። ስለ ሁለተኛው ብዕሩን ያነሣ ሊቅ ስላልተገኘ ይህ ጥናት አስፈልጓል።

የባይኖኩላር ቤት ሰዎች ገና ጎህ ሲቀድ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ባለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ይገኛሉ። አያወሩም፤ ያዩትን ይጽፋሉ። አገሩ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ስላለው ሥራ አይፈቱም። ከቀደምት አባቶቻቸው አንዱ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን የደጋውን ቁራ ለዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በፊት ወፉን ማንም አያውቀውም ነበር፤ ከአገሬው ሕዝብ በስተቀር። ሩፔል የሰበሰባቸውን ናሙናዎች ፍራንክፈርት ላሉ ሊቃውንት አስረከበ። ቁራ ከተላከበት አይመለስም የሚለው የአበው ግኝትም በዚሁ ጸና።

የቋንጣ ቤት መምህራን በአብዛኛው እናቶች ናቸው። መሣሪያቸው ግንባር ላይ የተጋረደ መዳፍና በሌላው እጅ የተጨበጠ ጠጠር ነው። በሽሮ ሜዳም ሆነ በአዲሱ ገበያ፣ ገመድ ላይ ሥጋ ከተሰጣ ወይም ጫጩት ከተፈለፈለ ምልከታው ተጀመረ ማለት ነው። የባይኖኩላር ቤት ጭላትን የሚለየው ጭራው ጫፍ ላይ ሰንጠቅ በማለቱ ነው። የቋንጣ ቤት የሚለየው ሐሳቡን በማወቅ ነው። ገና ከእንጦጦ በኩል ብቅ ሲል የማን ግቢ እንደታሰበ፣ ከቤተሰቡም መጀመሪያ የሚዘናጋው ማን እንደሆነ ይነገራል። (ብዙ ጊዜ የሚዘናጋው የቤቱ አባወራ ነው፤ ምክንያቱ ለሌላ ጥናት ይቆየን።)

በዚህ ቤት ማስታወሻ አይያዝም። ግኝቱ «እሽ! እሽ! ጭላት መጣ!» ተብሎ ወዲያው ይታወጃል፤ የሙያ አጋሮች ግምገማም ከአጥር ወዲያ ይከተላል፦

«አይ ልጄ፣ ፌስታል ነው!»

በዚህ ፍጥነት ስሕተቱን የሚያርም የምርምር መጽሔት አላጋጠመንም።

በሥነ ምግባር ረገድ የባይኖኩላር ቤት ሕግ አጭር ነው፤ ወፍ አይረበሽም። የቋንጣ ቤትም በሕጉ ይስማማል፤ ብቻ ቀድሞ የረበሸው ማን እንደሆነ ተጣርቶ ይመዝገብ ይላል።

ሆኖም የቋንጣ ቤት አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ የማይሰርቅ ወፍ አይታየውም። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ እንጦጦን ለተሻገረ ሰው የሱሉልታ ሜዳ ይገኛል። ክረምት ውሃ ሲተኛበት ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ዝይ ይሰማራበታል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የማይገኝ ዝይ ነው። የጎጃም አውቶቡስ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል። ዝዩ ግን ሣሩን ከመጋጥ በቀር የማንንም ምሳ ተመኝቶ አያውቅምና ስሙን የሚጠራው የለም። ሜዳው ላይ አጥርና መጋዘን ሲመጣም «መጣ!» ብሎ የጮኸ ጎረቤት አልተሰማም።

ከዚህ የባሰ ዕጣ የደረሳት ደግሞ ነጭ ክንፍ ያላት ትንሿ የረግረግ ወፍ ናት። በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ከሚታወቁት ጥቂት መራቢያዎቿ አንዱ ነው። ኑሮዋ ሣር ውስጥ ስለሆነ እሷን ማየት፣ በጥብቅ የሳይንስ ቋንቋ ሲገለጽ፣ ሣር ማየት ነው። ሰዎች ለዚሁ ሲሉ ባሕር አቋርጠው ይመጣሉ፤ ጭቃ ውስጥ ይቆማሉ፤ ሣሩ ሲነቃነቅ ይደሰታሉ።

ይህን ግኝት ለቋንጣ ቤት ሊቃውንት አቅርበን ነበር። በጽሞና ካዳመጡን በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሡ፦

«እንዲህ የሚፈልጓት፣ ምን ወስዳባቸው ነው?»